በስሙ ቦታ አራት ነጥብ

ይድረስ ለወንድሜ ለባምላኩ፤
ነገሌ ቦረና

ወንድምዓለም፣ እንደምን ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስነክስህ ጉልበትህ ተሻለው? የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና አሁንም መበላሸቱን አልተወም? ትበላለህ? ትተኛለህ? ሌሊሴስ እንዴት ናት? ሄኒዬ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በባዶ ድዷ ነው የምትስቀው? ይህን ሁሉ የምደረድረው ደብዳቤ በሰላምታ ስለሚጀመር ብቻ አይደለም። ሰው "ደህና ነህ?" ሲል አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኔ ግን ዛሬ አንዱንም ጥያቄ በልማድ አልጻፍኩትም። እያንዳንዱን ጽፌ መልስ የምሰማ ይመስል ትንሽ እየቆየሁ ነው ወደሚቀጥለው የማልፈው።

እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሆዴ በሩን ከእኔ ቀድሞ ይገባል። ጎንበስ ማለት ስላቃተኝ ጫማዬን የሚያስረውም የሚጠርገውም ወንድዬ ነው፤ ባል አገባሁ ብዬ ሊስትሮ አገባሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በስምንት ወሬ የደረሰብኝ እንዳይደገም ሐኪሟ ሦስት ነገር ከልክላኛለች፦ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ረጅም መንገድና ድንጋጤ። ከሦስቱ ሁለቱን ጠብቄያለሁ።

በእጄ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ፊደሌን ዶሮ የጫረው ነው እያልክ ስታሾፍብኝ ነው ያደግነው። እሁድ እሁድ ከስልክህ "እህቴ ደህና ነኝ፤ ኔትወርክ አስቸግሮን ነው" የሚል መልእክት ይመጣልኛል፤ እኔም እሰይ ብዬ ውዬ አድራለሁ። ድምፅህን ግን ከጥቅምት መጀመሪያ ወዲህ አልሰማሁም። የስልኬ ማይክ ተበላሽቷል አልከኝ። ሌሊሴ ጋ ስደውል አታነሳም፤ ቆይታ "ሄኒን እያስተኛሁ ነበር" ብላ ትጽፍልኛለች። ስልክ ላይ የተጻፈ ፊደል ደግሞ የማንም ጣት ይንካው መልኩ አንድ ነው። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ፣ ለሰፈራችን ሰው ሳልሰጥ፣ ከማያውቀን ከነገሌ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ልኬልሃለሁ። ምን ሆነሽ ነው እንዳትለኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት የእድራችን ሽማግሌዎች ጠርተው አንድ ሥራ እንደሰጡኝ ታስታውሳለህ። ጥሩምባ ነፊው አባባ ወልደሰንበት አርጅተዋል፤ ትንፋሻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አያልፍም። የእድሩ ሰው ደግሞ ግማሹ ቤቱ ፈርሶበት፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ደርሶት በየአቅጣጫው ተበትኗል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ይሰማና "ሳትነግሩኝ" ብሎ ይቀየማል። እናም "አንቺ የስልክ ነገር ታውቂያለሽ፤ ጥሩምባውን ስልክ ውስጥ ክተቺልን" አሉኝ። ከተትኩላቸው። ሰው ሲያርፍ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ሀብተማርያም ይመዘግባሉ፤ ወዲያው የአባላቱ ስልክ ሁሉ ይጮሃል፤ ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ያሳያል። ያኔ ስነግርህ "እግዜር ይይልሽ፣ ሞትንም አፕ አደረግሽው" ብለህ ስትስቅ እንባህ መጥቶ ነበር።

ሥራው አለቀ ስል ጋሽ ሀብተማርያም አንድ ነገር ጨምሪ አሉኝ። "ልጄ፣ መርዶ ያልተነገረው ሰው እኮ አለ። የታመመ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ አራስ አለች። ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ወጉን ጠብቆ ሳያረዳው ስልኩ ከቀደመ ገደልነው ማለት ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር ለስንቱ ሰው ነው ሞቶ የተቀበረ ዘመዱ ወር ሙሉ "ሰላም ብሎሃል" የሚባለው። እኔም "የማይታያቸው" የሚባል ቦታ አበጀሁ። ጸሐፊው ስሙን እዚያ ያስገቡት ሰው ስልኩ አይጮህም፤ ዝርዝሩን ቢከፍትም ያቺ ለቅሶ ለእሱ የለችም። የምትገለጥለት ጋሽ ሀብተማርያም መርዶው ተነግሯል ብለው ሲመዘግቡ ብቻ ነው። ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ በጣም ኮራሁ። ሽማግሌዎቹም መረቁኝ፤ ያን ቀን ከተመረቅኩት ውስጥ "በሆድሽ ያለውን በሰላም ያገላግልሽ" የሚል አልነበረበትም፤ ገና አላረገዝኩም ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ አፑን በስልኬ ከፈትኩት። ከላይ "ከመስከረም ወዲህ ያረፉ፦ 7" ይላል። ከሥሩ ያለውን ዝርዝር ቆጠርኩ፤ ስድስት ነው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ስድስት። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። ታውቀኛለህ፣ የራሴን ስህተት ካልያዝኩ ምሳ አይወርድልኝም። ኮምፒውተሬን አወጣሁና ስልኩን በገመድ አገናኘሁት።

አንዴ "ስህተት የምትፈልጉት በምን ዓይን ነው?" ብለህ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ውስጥ ስም የወጣላቸው ትናንሽ ማስቀመጫዎች አሉ፤ ተለዋዋጭ እንላቸዋለን። በውስጣቸው አንዴ ቁጥር፣ አንዴ የሰው ስም፣ አንዴ ቀን ይቀመጣል። ስልኩ ለሰው የሚያሳየው ተመርጦ ሳሎን የወጣውን ነው፤ ጓዳው አይታይም። ስህተት ሲገጥመን ግን ፕሮግራሙን መሃል መንገድ ላይ እናስቆመውና "አሁን በእያንዳንዱ ማስቀመጫ ውስጥ ያለውን አውጥተህ ጻፍ" እንለዋለን። እሱ አያፍርም፤ ለማንም አይሳሳም፤ ያለውን ይዘረግፈዋል። እንደዚያ አደረግኩ። ስድስቱ በስልኬ እንደሚታዩት ሆነው ወጡ። ሰባተኛው ሲወጣ እንዲህ ይላል፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የገለበጥኩልህ፦

አባል፦ ወለተጻድቅ
የሟች ስም፦ ።
ዝምድና፦ ልጅ
ያረፈበት፦ ክፍለ ሀገር
የተመዘገበበት፦ ጥቅምት 19
መርዶ፦ አልተነገረም
የማይታያቸው፦ ፅጌ

የሟች ስም ባዶ ከተተወ አልመዘግብም እንዲል አድርጌ ነው የሠራሁት። ጋሽ ሀብተማርያም ስሙን ለመጻፍ እጃቸው እምቢ ያላቸው ይመስለኛል፤ በስሙ ቦታ አራት ነጥብ ብቻ አስቀምጠው አለፉ። ያን ያህል ተጠንቅቀው ሲደብቁኝ፣ መደበቂያውን የሠራሁት እኔ መሆኔን ረሱት። እኔም ብሆን የላይኛውን ቁጥር መደበቅ ረስቼ ነው እንጂ ባልነቃሁ።

ወንድምዓለም፣ ወለተጻድቅ እማዬ ናት፤ ያሏት ደግሞ ሁለት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ብነግርህ አበደች ትላለህ፤ "እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?" ነው ያልኩት። በመድኃኔዓለም እልሃለሁ፣ ለአንድ አፍታ አመንኩት። ከጥቅምት ወዲህ ወደ ሰው ስጠጋ ጨዋታው ለምን ፀጥ እንደሚል፣ ሰው ሁሉ ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን እያየ ለምን እንደሚያናግረኝ በዚያች አፍታ የገባኝ መሰለኝ። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ልጁ ረገጠኝ። እኔ ካልሆንኩ የቀረኸው አንተ ነህ።

ስህተት ነው ብዬ እንደገና አስጻፍኩት። ስልኩን አጥፍቼ አብርቼ አስጻፍኩት። ያው ነው። ጋሽ ሀብተማርያም ሲለማመዱ ያስገቡት ይሆናል አልኩና ቀስ ብዬ እቤታቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ይሰማሉ። "ጋሼ፣ ለሙከራ ያስገቡት ለቅሶ አለ እንዴ? ቁጥሩ አልገጥም አለኝ" አልኳቸው። ራዲዮውን ዘጉት። መነጽራቸውን አውልቀው እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጡት። "ወንበር አምጡላት!" ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ ቆይተው ደግሞ "ቁጥር ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ አሁን ይቆይሽ፤ ውሃ ጠጪ" አሉኝ። እኔ ውሃ አልጠየቅኩም ነበር። ስጠጣ ብርጭቆውን እስክመልስ ድረስ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ቤታችንን እንደ ፕሮግራም ማየት ያዝኩ። እማዬ ከጥቅምት ወዲህ ሻሿን አውልቃ አታውቅም፤ ስጠይቃት "ጉንፋን ነው" ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ የሚቆይ፣ ግን የማያስነጥስ ጉንፋን። አልጋዋን ትታ ፍራሽ መሬት አንጥፋ ነው የምትተኛው፤ "ወገቤን ደህና ያደርገኛል" ትላለች። በጥቅምት መጨረሻ አክስታችን ታመመች ብላ ሳንሱሲ ሄዳ አሥር ቀን ቆየች። ወንድዬም በዚያ ሰሞን ሥራ እየቀረ እየሄደ ይመለስ ነበር፤ እኔን ግን "ሚኒባሱ ያንገላታሻል" ብሎ ከለከለኝ። አክስታችንን ከዚያ በኋላ አገኘኋት፤ ጤነኛ ናት፤ ድምፅዋ ግን ጠፍቷል፤ ሲጮህ የከረመ ሰው ድምፅ ነው። ለጥምቀት ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ እማዬ በር ድረስ እንኳ አልወጣችም። አንተ ታውቃታለህ፣ እግሯን ብትሰበር እንኳ በዳዴ የምትወጣ ሴት ናት።

ወንድዬ ስልኩን ባኞ ቤት ድረስ ይዞት ይገባል። ሌላ ሴት ይዞብኝ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚመኝ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ጎረቤታችን ዋጋነሽ እንኳ፣ ያቺ ሳቋ ፌርማታው ድረስ የሚሰማ፣ እኔን ስታይ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ትናንት ከሰዓት እማዬ ጋደም ብላ ሳለ የሻሿ ጫፍ ተነስቶ አየሁ። ከሥሩ ፀጉር ይኑር አይኑር ለማየት ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። መለስኩት። መልሼ ሻሿን ራሷ ላይ ሳብ አደረግኩላት።

ስህተት ፈላጊ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። ባለፈው ሰኞ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ እሷ ምስር እየለቀመች፣ ወደ አንተ ስልክ አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ "አባዬ እማዬን ሲያቆላምጣት ማን ነበር የሚላት?" አልኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ የእማዬ ስልክ ጠራ። አየችውና ተነስታ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄደች። የምትለው አይሰማም፤ በሹክሹክታ ነው። ተመልሳ ገና ሳትቀመጥ የእኔ ስልክ ጮኸ። "እንኮዬ ነበር የሚላት" ይላል። መልሱ ልክ ነው። ቀና ብዬ ሳያት ጠጠሩን በሳህኑ እየሰበሰበች ምስሩን ትጥላለች።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ፈለግኩ፤ ከእኔና ከአንተ በቀር ሰማይና ምድር የማያውቀው። እሮብ ከሰዓት ነበር። ወንድዬ ሥራ ላይ ነው፤ እማዬ ፍራሿ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ስልኳ አጠገቧ ተቀምጦ አየዋለሁ። "ሰብረን የደበቅነውን የአባዬን ሰዓት የት ነው የቀበርነው?" ብዬ ላክሁልህ። የእማዬ ስልክ አልጠራም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መልሱ ግን ስልኩ ገና እጄ ላይ እያለ መጣ፦ "ከባሕር ዛፉ ሥር። አታውጪው።"

ባምላኩ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰውነቴ አልሞቀም። ለሌሊሴ ነግረሃት ይሆናል፤ ባልና ሚስት የማይጨዋወቱት የለም። ወይም አንተው ነህ። ሦስተኛውን አልጽፈውም። አንተ ከሆንክ፣ ጋሽ ሀብተማርያም ተሳስተው፣ አክስታችን ጉሮሮዋን ታማ፣ እማዬም እውነት ጉንፋን ይዟት ከሆነ፣ እባክህ በእጅህ አንድ መስመር ጻፍልኝ። የሹፌሩን ስልክ ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ይመለሳል። የእጅ ጽሑፍህን ከሺህ ሰው ለይቼ አውቀዋለሁ። "ሞኝ" ብቻ ብለህ ብትጽፍልኝ ይበቃኛል፤ እድሩን በሙሉ ሰብስቤ እያነበብኩ እስቅባቸዋለሁ።

ለምን እማዬን አትጠይቂያትም ትለኝ ይሆናል። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ መሰለህ። እሷ ለዚህ ልጅ ብላ እንባዋን ሦስት ወር ሙሉ ውጣዋለች። "አውቄያለሁ" ካልኳት በዚያችው ደቂቃ ትጮሃለች፤ እኔም እጮሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚሆነውን የዛሬ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ስለዚህ እሷ ከእኔ ትደብቃለች፣ እኔ ማወቄን ከእሷ እደብቃለሁ፤ አንድ ትሪ ላይ ቀርበን እየተጎራረስን ስለ አንተ እናወራለን። "ከስቶ ይሆን?" ትለኛለች። "ኧረ ሌሊሴ መች ታከሳዋለች" እላታለሁ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ "አልተነገረም" የሚለውን "ተነግሯል" ብዬ ላደርገው ጣቴን አሳርፌ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ያኔ ስልኬ ይጮሃል፤ የሠራሁት ነገር ራሱ መርዶዬን ያረዳኛል። ፈራሁና ተውኩት። ያስተካከልኩት ስህተቱን ብቻ ነው። አሁን በእኔ ስልክ ከላይም 6 ይላል፣ ከሥርም ስድስት ነው። ሁሉም ይገጥማል።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስ። እማዬን "ለባምላኩ ልጽፍለት ነው፤ ምን ልበልልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ብርድ እንዳይመታው በዪልኝ" አለችና ወጣች። ነገሌ ብርድ እንደሌለ እናንተ ጋ ሁለት ወር ስትከርም አይታዋለች። ወንድዬ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። አባባ ወልደሰንበትን መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነበር፤ "ያ ልጅ እንዴት ነው?" ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም፤ ዘንድሮ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ብቻ አለፉ። ሄኒዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስቷ የጨዋታ ጓደኛ ልታመጣላት ነው በላት።

ሌሊሴን ሰላም በልልኝ። ሌሊሴ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ ከላይ ለእሱ ያልኩትን ሁሉ ተዪው። በእጅ ጻፊልኝ አልልሽም፤ እውነቱን ንገሪኝም አልልሽም። ልጅ ታቅፈሽ፣ እሁድ በመጣ ቁጥር በእሱ ስልክ "እህቴ" ብለሽ ስትጽፊ ምን እንደሚያደርግሽ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እስከ መጋቢት፣ እስክገላገል ድረስ፣ አታቋርጪብኝ። የፊታችን እሁድም ደህና ነኝ በዪኝ።

እህታችሁ ፅጌ
ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.